ቁልፍ የተያዘበት ኮከብ

ዓመለወርቅ ብለው ስም ያወጡላት ሰዎች ምን ታይቷቸው እንደሆነ እነሱና እግዜር ይወቁት። ሶዶ ውስጥ ዓመለወርቅ ቦልቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስሟ ሲጠራ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። ወረፋ ዘሎ የገባ ሰው ካየች፣ ሹም ይሁን ደላላ፣ ትከሻውን ይዛ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ንዴቷ ሲብስ አማርኛው አይበቃትም፤ ወደ ወላይትኛ ትሻገራለች። ያን ጊዜ የገባውም ያልገባውም መንገድ ይለቅላታል።

እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህች ሴት ንዴት የሚስቅ ሰው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የተሠራባትን ግፍ ያልሰማ ሰው ነው። ሰምቶም የሚስቅ ካለ ከእሱ ጋር ሻይ አልጠጣም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ሚዛን ታስተካክላለች፣ የተበጠሰ ሽቦ ትበይዳለች፣ ተማሪ የሰበረውን ትለቅማለች። በልኬት ግን ቀልድ አታውቅም። ሳይለካ ውጤት የሚጽፍ ተማሪ ካገኘች ደብተሩን ቀምታ፣ «አየኸው ወይስ አለምከው?» ትለዋለች። አየሁት ካለ ታምነዋለች ብላችሁ ታስባላችሁ? እንደገና ታስለካዋለች፤ ሦስቴ፣ እስኪያለቅስ።

ይህን ከአባቷ ነው ያመጣችው። አባቷ ቦልቴ የኦፋ ሰው ነበሩ፤ ከገሱባ ወረድ ብሎ። ሥራቸው የቀያሽ ገመድ መጎተት ነበር። በዚያ ዘመን መሬት ሲለካ ቀያሹ ወረቀቱን ይዞ ጥላ ሥር ይቆማል፤ ቦልቴ በየአሥር ሜትሩ ቋጠሮ ያለበትን ገመድ እየጎተቱ ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ አቀበት ይወጣሉ። አንድ ቀን በሁለት ወንድማማቾች ማሳ መሃል ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ገጠማቸውና ገመዱ አልሻገር አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ «ምን ታካብዳለህ ቦልቴ? ገምትና ንገረው፣ ይጻፍ፤ መሽቷል» አላቸው። ቦልቴ ገመዱን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉና፣ «ገመዴ ያልረገጠውን አፌ አይናገርም። አልተለካም ብላችሁ ጻፉ» አሉ። አልተለካም ተብሎ ተጻፈ። በሳምንቱ ቦልቴ ከሥራ ወጡ። ዓመለወርቅ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ገመዱን ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት አይታለች። ዛሬም እዚያ አካባቢ በድንበር የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ «በቦልቴ ገመድ ይሁን» ይባባላሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከአራት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱ አንድ ቴሌስኮፕ በስጦታ አገኘ፤ የሰው ቁመት ያህል ቱቦ ሆኖ፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ትልቅ መስታወት ያለው። መምህራኑ አንድ ሳምንት ጨረቃን አዩበት፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ረሱት። ዓመለወርቅ አልረሳችውም። ማንም ሳያስተምራት፣ ከአሮጌ መጽሐፍና ከስልኳ እየለቃቀመች ሰማዩን እንደ ሰፈሯ አወቀችው። ሶዶ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላት ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ሰዉ ሁሉ ሲራገም እሷ ነጠላዋን አንጠልጥላ ወደ ትምህርት ቤቱ ትሮጣለች።

በሩ ላይ አቶ በኃይሉ አሉ። የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፣ የቀድሞ ወታደር። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ግቢው የሚገባ ሰው፣ ዳይሬክተሯም ብትሆን፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት መዝገባቸው ላይ ሳታስጽፍ አታልፍም። ዓመለወርቅ በዚህ ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቃቸዋለች። «አቶ በኃይሉ፣ ለአራት ዓመት እኔው ነኝ የምመጣው፤ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ስትላቸው፣ «አንቺ ኮከብሽን ጻፊ፣ እኔ አንቺን ልጻፍ» ይሏታል።

የካቲት አራት ቀን ምሽት በሁምቦ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዓመለወርቅ ቱቦውን አንበሳ ወደሚባለው የኮከቦች ስብስብ አዞረች። እዚያ ለዓመታት የምታውቃት አንዲት ጋላክሲ አለች፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፀሐዮች የተከማቹባት ናት፣ ግን ከርቀቷ የተነሳ መስታወት ላይ የቀረ ትንፋሽ መስላ ነው የምትታየው። ስንት ጊዜ በእርሳስ ስላታለች። ያን ቀን ጉም በሚመስለው ብርሃኗ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ ቁጭ ብላለች። ዓይኗን አሻሸች። ቱቦውን ነካ ነካ አደረገችው፤ ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የድሮ ሥዕሏን አውጥታ ቀይ ብርሃን ባለው ባትሪ አየች። ነጥብ የለም።

«በስመ አብ!» አለች። ብቻዋን ነበረች።

ሱፐርኖቫ ነበር፤ የፈነዳ ኮከብ። ቤቷ ደርሳ ስልኳን ስትከፍት በሌላ አገር ያሉ ሰዎች በአንድ ቀን ቀድመዋት እንዳዩት አወቀች። ይህ ምንም አላስከፋትም። ደስታዋ ዓይነቱ ላይ ነው። ኮከብ በብዙ መንገድ ይፈነዳል፤ ይኼኛው ግን ሞቶ የቀዘቀዘ ኮከብ ከጎረቤቱ እየነጠቀ ሲበላ ሲበላ፣ ሆዱ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚፈነዳው ዓይነት ነው። ልኩ አንድ ስለሆነ ፍንዳታውም የትም ቢሆን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ባለ መቶ ሻማ አምፖል ዳሞታ ተራራ ላይ ብትሰቅሉ፣ ሶዶ ሆናችሁ ምን ያህል እንደደበዘዘ አይታችሁ ምን ያህል እንደራቀ ታሰሉታላችሁ፤ አምፖሉ ባለ መቶ መሆኑን ታውቃላችሁና። የዚህም ኮከብ ሻማው ይታወቃል። ግን የሚታወቀው በጣም በደመቀበት ቀን ነው። ኮከቡ ከፈነዳ በኋላ ሁለት ሳምንት ከምናምን ይደምቃል፣ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መክሰም ይጀምራል። ጫፉን ያየ ርቀቱን ያገኛል፤ ጫፉ ያመለጠው አመለጠው።

ዓመለወርቅ በጣቷ ቆጠረች። ጫፉ የካቲት አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ ግድም ይሆናል። «በሕይወቴ አንድ ነገር እለካለሁ» አለች ለራሷ። «ከዚህ እስከዚያ ጋላክሲ ድረስ፣ በራሴ ዓይን፣ የቦልቴ ልጅ።» አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያማራት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ በየቀኑ ሄደች። በጋላክሲዋ ዙሪያ ድምቀታቸው ተለክቶ የታወቀ ኮከቦች አሉ፤ አዲሱን ከእነሱ ጋር እያስተያየች ከዚህኛው ያንሳል፣ ከዚያኛው ይበልጣል ብላ ቁጥሩን ታወጣለች። በስምንት ቀን ውስጥ አንዱን ደመና በላባት፤ ሰባት ነጥብ ያዘች። ደብተሯ ላይ እንዲህ ይላል፦ የካቲት 4፣ ማታ 3፡10፣ ከዚያ ቁጥሩ። የካቲት 5፣ ማታ 3፡05፣ ከዚያ ቁጥሩ። ጽሑፏ እንደ እሷ ነው፤ ቀጥ ያለ።

አሁን መምህር ብሩ ይምጣ። ብሩ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ማስተርሱን ይዟል፣ የሥነ ፈለክ ክበቡ ኃላፊ ተብሎ ተሹሟል። በቴሌስኮፑ ስንት ጊዜ እንዳየ ብትጠይቁት ፎቶውን ያሳያችኋል። የዓለም ኮከብ ታዛቢዎች ልኬታቸውን የሚልኩበት አንድ የኢንተርኔት መረብ አለ፤ በትምህርት ቤቱ ስም የተከፈተው አካውንት የይለፍ ቃል ብሩ ጋ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዓመለወርቅ ሁልጊዜ ጠዋት ቁጥሯን ገልብጣ ትሰጠዋለች፣ እሱ ፎርሙን ሞልቶ ይልካል። ክፍል ገብቶ ሲወጣ፣ ሻይ ከመጠጣቱ በፊት፣ በአውራ ጣቱ።

የካቲት አሥራ ሁለት ጠዋት የመምህራን ስብሰባ ነበር። ብሩ ተነስቶ ክራቫቱን አስተካከለና፣ «ከውጭ አገር ደብዳቤ መጥቶብናል» አለ። «የላክነው ልኬት ከማንም ጋር አልገጠመም። ሰው ሁሉ ኮከቡ ይህን ያህል ነው ሲል የኛዋ ሁልጊዜ አብልጣ ነው የጻፈችው። ወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ አንቺ ከጭንቅላትሽ እየፈጠርሽ ነው ያዋረድሽን።» ልብ በሉልኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመት የምትበልጠውን ሴት ነው በሰው ፊት «አንቺ» የሚላት። ከኋላ አንዱ፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ አስናቀች ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ወረቀት ትፈራለች። «ነገሩ እስኪጣራ የቴሌስኮፑ ክፍል ቁልፍ የክበቡ ኃላፊ ጋ ይቆይ» ብላ ወሰነች። ብሩ እጁን ዘረጋ።

ዓመለወርቅ ትጮሃለች ብሎ ሁሉም ጠበቀ። አልጮኸችም። ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። የቦልቴን ልጅ፣ በልኬት ዋሸሽ ይሏታል! ሌባ ቢሏት ይሻላት ነበር። ቤቷ ስትገባ ጎዳሬው ቀርቦላት አልነካችም፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ደግነቱ ንዴት አንዳንዱን ሰው ያሳውራል፣ እሷን ደግሞ ዓይኗን ይከፍትላታል። የሌሎቹን ታዛቢዎች ቁጥር ማንም ሰው መረቡ ላይ ገብቶ ማየት ይችላል። ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ የግራፍ ወረቀት ዘርግታ የእነሱን ነጥቦች በሰማያዊ አስቀመጠች። የእሷን ብሩ በላከው ቀንና ሰዓት በቀይ አስቀመጠች። እውነትም ቀዮቹ ከሰማያዊው መስመር ውጪ ናቸው። ሰባቱም ቀድመዋል። ግን ሁሉም የቀደሙት እኩል ነው። ማስመሪያ አምጥታ ለካች፤ እኩል ነው። «ውሸታም እንዲህ እኩል አይዋሽም» አለች ድምፅዋን አውጥታ። «ውሸታም አንድ ቀን ያበዛል፣ አንድ ቀን ያሳንሳል።» ቀዮቹን ወደ ቀኝ ገፋ ብታደርጋቸው ሰማያዊው ላይ ልክ ቁጭ ይላሉ። ስንት ሰዓት ብትገፋቸው? ቆጠረች። አሥራ ስምንት ሰዓት።

አሥራ ስምንት! ዘላ ተነሳች።

እኛ አገር ሰው ሁለት ሰዓት ይዞ ነው የሚኖረው፤ አንዱ አፉ ላይ፣ አንዱ ስልኩ ላይ። ማታ ሦስት ሰዓት ስልኩ ላይ ሃያ አንድ መሆኑን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። ብሩም ያውቃል። ግን ፎርሙ ላይ ሰዓት የሚል ሳጥን እንጂ ማታ የሚል ሳጥን የለም፤ እሱ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየረና ሰዓቱን 3፡10 ብሎ እንዳለ ቀዳው። አንባቢው በፈረንጅ ሰዓት ነው ያነበበው፤ የዚያኑ ዕለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሦስት ሰዓት፣ ዓመለወርቅ ቱቦውን ከመንካቷ አሥራ ስምንት ሰዓት በፊት! ኮከቡ በየሰዓቱ እየደመቀ የሚሄድ ኮከብ ነው። እሷ ማታ ያየችው ድምቀት ቀድሞ ሌሊቱ ላይ ታየ ተብሎ ሲጻፍ ውሸት ሆነ።

«አንተ ብሩ! አንተ ሰነፍ! አንተ...» አለችና የቀረውን በወላይትኛ ጨረሰችው። ጎረቤት ግድግዳ መታ።

በማግስቱ በጠዋት ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ብሩ የለም። ሥልጠና ተልኳል፤ አረካ፤ አሥር ቀን። ቁልፉስ? ቁልፉም ሥልጠና ሄዷል፤ ኪሱ ውስጥ። ደወለችለት፣ አላነሳም። አምስቴ ደወለች። በስድስተኛው፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስመለስ እናየዋለን» ብሎ ዘጋ። ዳይሬክተሯ ጋ ገባች። «የቴክኒክ ነገር ነው፣ ያለ ክበቡ ኃላፊ እኔ ምን እወስናለሁ? በደብዳቤ አቅርቢው» አለቻት። አቀረበችው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ እዚያው ተኛ።

የካቲት አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፤ ሰማዩ በየምሽቱ ጥርት። አንድ ቀን መዶሻ ይዛ መጣች። አቶ በኃይሉ በሩ ላይ ቆሙባት።

«ምንድነው እሱ?»

«መዶሻ ነው። በሩን ልሰብረው ነው።»

«ስሚኝ እህቴ» አሏት። «አሁን ውሸታም ነሽ ያሉሽ አንድ ሰው ነው። በሩን ከሰበርሽ ሌባ የሚልሽ መንግሥት ነው። ይልቅ ይኼን እይ።» መዝገባቸውን ገለጡት። የካቲት 4፣ ዓመለወርቅ ቦልቴ፣ የገባችበት ከምሽቱ 2፡30፣ የወጣችበት 4፡15። ከምሽቱ፣ ብለው በሰፊው ጽፈዋል። ሰባቱም ቀን አለ። ያ ስንት ጊዜ የተጨቃጨቀችበት መዝገብ! መዶሻውን መሬት ላይ ጣለችው።

የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ አረካ ወረደች። ብሩን ምሳ ላይ አገኘችው፤ ከሠልጣኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከቦ ሥጋ በዳታ፣ በዚያ በሚያቃጥለው ማባያ፣ እየበላ ነበር። ፊቱ ቆመች።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ እባክሽ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት አይደል የሰደብከኝ? ሰው ፊት ነው የምጠይቅህ!»

ወረቀቱን ሥጋው አጠገብ ዘረጋችው። ቀዩን አሳየችው፣ ሰማያዊውን አሳየችው። «ማታ ሦስት ሰዓት ብዬ ጻፍኩልህ፤ አንተ ማታውን ጣልከው። አሥራ ስምንት ሰዓት ነው የዋሸኸው፤ እኔን ውሸታም አድርገህ!» ብሩ ወረቀቱን አየ። ማኘኩን አቆመ። ገባው። እሷ ዓይኑ ላይ አየችው፤ ገብቶታል። ሰው ከሆነ እዚያው ብድግ ብሎ ቁልፉን ይሰጣል፣ ይቅርታ ይላል፣ ያልቃል። እሱ ግን ጠረጴዛውን ዞር ብሎ አየና፣ የሥራ ባልደረቦቹ እያዩት መሆኑን ሲያውቅ ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

«ሲጣራ የሚታይ ጉዳይ ነው። ቁልፉ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ያለ ርክክብ ፊርማ ምግብ ቤት ውስጥ አላስረክብም።»

«ዛሬና ነገ ነው ጫፉ! ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም!»

«ኮከብ ነው እኮ» አለ ብሩ፣ ፈገግ ብሎ። «የት ይሄዳል?»

ጠረጴዛው ሳቀ። «ይህ ብርሃን ከሃያ ሚሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ መጥቷል» አለችው ዓመለወርቅ። «አንተ ግን እጅህን ኪስህ ድረስ መላክ አቃተህ።» ቢለዋው አጠገቧ ነበር፤ እግዚአብሔር ጠበቃት። ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች።

ሶዶ ስትደርስ መሽቷል። አንድ ደመና የለም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከአቶ በኃይሉ ጋር ቆማ ወደ አንበሳው አንጋጠጠች። እዚያ ነው፣ ዛሬ ከሁሉም ቀን በልጦ ደምቋል፣ በባዶ ዓይን ግን ማንም አያየውም። ቱቦው ሃምሳ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ከበር ኋላ ቆሟል። አለቀሰች። ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። አቶ በኃይሉ መዝገባቸውን ከፈቱና፣ «ዛሬም መምጣትሽን ልጻፈው» አሉ። ጻፉት።

ብሩ የካቲት ሃያ አራት ተመለሰ። ዓመለወርቅ ግራፏን፣ አቶ በኃይሉን ከነመዝገባቸው ይዛ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች። «ደብዳቤ መጥቷል ነው ያለው። ደብዳቤው እዚህ ይነበብ» አለች። ወይዘሮ አስናቀች ብሩን ስልኩን አስከፈተችውና እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። ልኬታችሁ ከሌሎቹ ይለያል ይላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ሰው ቢጨርሰው፣ አንድ መስመር አለ፦ «ቁጥሮቹ ግን በጥንቃቄ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ምናልባት የሰዓት ስህተት ይሆን? እባካችሁ አረጋግጡልን።»

ዓመለወርቅ ወደ ብሩ ዞረች።

«እንዲህ ይላል?» አለች። «ከየካቲት አሥራ ሁለት ጀምሮ ኪስህ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበር?»

«እኔ እንኳ... መጀመሪያው ላይ ደንግጬ...»

«አላነበብከውም! ለመሳደብ ያህል አነበብክና ተውከው!»

ወይዘሮ አስናቀች የዚያን ቀን ቆራጥ ሆነች፤ ዘግይታም ቢሆን። ቁልፉን ከብሩ ተቀብላ ለዓመለወርቅ አስረከበች፣ ብሩ እዚያው በፊቷ ሰዓቶቹን አስተካክሎ እንዲልክ አደረገች። በማግስቱ መልስ መጣ፤ ሰባቱም ነጥቦች ልክ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ እናመሰግናለን የሚል። ብሩ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ የቢሮ ስህተት ነው» አላት። «ስድቡ በአዳራሽ፣ ይቅርታው በኮሪደር?» ብላው አለፈች።

ቁልፉን የተረከበች ዕለት ማታ ቱቦውን አዞረች። ኮከቡ አለ። ግን መክሰም ጀምሯል፤ ጎረቤቶቹን እያየች ቁጥሩን ስታወጣ ገባት፤ ጫፉ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። እሷ ግን መለካቱን አልተወችም፤ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ፣ ከዓይኗ እስኪጠፋ።

መጋቢት ሃያ ግድም ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ከዞኑ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የዓመለወርቅ ግራፍ በትልቁ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል፣ ገለጻውን ደግሞ የክበቡ ኃላፊ እንዲያደርግ ተወሰነ። ከዋዜማው አንድ ቀን በፊት ብሩ ላብራቶሪ መጣ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ እሷ ነጥቦቹን በቀለም እያስቀመጠች ነበር። ሰባት ነጥብ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ሰፊ ባዶ፤ ከዚያ ነጥቦቹ ቁልቁል ይወርዳሉ።

«እትዬ ዓመለወርቅ» አላት። እትዬ! «እርስዎ የሠሩት ሥራ በጣም ግሩም ነው። ይቺ መሃሏ ብቻ... ለእንግዳ አያምርም። የሌሎቹ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ነው፣ ጣል ጣል ያድርጉበት። ርቀቱንም ሃያ ሦስት ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይበሉት፤ ተለክቶ የታወቀ ነው። ማን ያውቃል?»

ብሩሹን አስቀመጠች። ትክ ብላ አየችው። አባቷን «ገምትና ይጻፍ» እንዳላቸው እንደዚያ ሊቀ መንበር ነው የተናገረው። አርባ ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ ሞቷል ብላ ታስብ ነበር።

«እሺ» አለችው። «መሃሏን እሞላታለሁ። አንተ ሂድ።»

በዐውደ ርእዩ ቀን ብሩ ሱፉን ለብሶ፣ ማመልከቻ ዘንግ ይዞ ከግራፉ አጠገብ ቆመ፤ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር እሱም አላየውም። እንግዶቹ ሲገቡ ዓመለወርቅ ጨርቁን ሳበችው። ባዶው ቦታ ተሞልቶ ነበር። በአሥራ ሁለቱ ቀናት ላይ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በዚያ ቀጥ ባለ እጇ እንዲህ ተጽፏል፦

«ከየካቲት 12 እስከ 23፤ አልተለካም። ኮከቡ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቁልፉ በመምህር ብሩ ኪስ ነበር።»

ከሥሩ ደግሞ፦ «ርቀት፤ ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሰባት ሚሊዮን የብርሃን ዓመት። ከዚህ ይበልጥ ማጥበብ ይቻል ነበር። ለኪ፣ ዓመለወርቅ ቦልቴ።»

ከዞኑ የመጡት አዛውንት መነጽራቸውን አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም እንደገና አነበቡት። ከመምህራኑ ረድፍ ያ «ኩበት ለቀማ» ያለው ሰውዬ ጫማውን ያያል።

«ለመሆኑ» አሉ አዛውንቱ፣ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «መምህር ብሩ የትኛው ነው?»

ዓመለወርቅ ያን ቀን አልጮኸችም። ጣቷን ብቻ ቀሰረች።